ያለ ዘጊ የተጫወትንበት ዓመት

እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2023 ምሽት፣ ማያሚ በሚገኘው ስታዲየም ፖርቶ ሪኮ ዶሚኒካን ሪፐብሊክን 5 ለ 2 በረታችበት የወርልድ ቤዝቦል ክላሲክ (የአገሮች የቤዝቦል ውድድር) ጨዋታ፣ የኒው ዮርክ ሜትስ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) የነበረው ኤድዊን ዲያዝ በዘጠነኛው ኢኒንግ፣ ማለትም በመጨረሻው ዙር፣ ገብቶ ጨዋታውን ዘጋው። ጓደኞቹ ከየቦታቸው ሮጠው ከበቡትና ተቃቅፈው መዝለል ጀመሩ። ጥቂት ቆይቶ ክቡ በድንገት ላላ፤ መሐል ላይ ዲያዝ ቀኝ እግሩን ማንሣት አቅቶት መሬት ላይ ተቀምጧል። ያን ጊዜ የሲንሲናቲ ሬድስ ፒቸር የነበረው ታናሽ ወንድሙ አሌክሲስ በዚያ ምሽት የዚሁ የፖርቶ ሪኮ ቡድን አባል ነበርና አጠገቡ ሆኖ ያለቅስ ነበር። ዲያዝን በተሽከርካሪ ወንበር ከሜዳ ሲያወጡት እኔና አጎቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመን ነበር፤ መቼ ከመቀመጫችን እንደ ተነሣን አላስታውስም።

የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ዛሬም ያሳፍረኛል። «ጋሼ፣ ደመወዙን የሚከፍለው ሜትስ ነው፤ ለሌላ ቡድን ሄዶ ምን ያዘልለዋል?» አልኩ። ኳስ ማየትን ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተማሩኝ አጎቴ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ፣ «በሰው ቁስል እንጨት አትስደድ። አገሩ አሸንፋለት ነው የዘለለው» አሉኝና ዝም አሉ። በሚቀጥለው ቀን ጉልበቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ዓመቱን ሙሉም ለኒው ዮርክ ሜትስ አንዲት ኳስ ሳይወረውር ቀረ። ይህን የምጽፈው ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ፣ አንድ ተተኪ ፒቸር ሲጎዳ ቡድኑ ውስጥ በእርግጥ ምን እንደሚናጋ፣ እኔም በዚያ ውስጥ ምን እንደ ተማርኩ ለመናገር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር ሲደክም ወይም ሲመታበት፣ ቡልፔን ከሚባለው ማሟሟቂያ ስፍራ እየተጠሩ የሚገቡት ተተኪ ፒቸሮች ይባላሉ። ከእነርሱ መካከል ቡድኑ በጥቂት ነጥብ ሲመራ በመጨረሻው ኢኒንግ ገብቶ ድሉን እንዲጠብቅ አደራ የሚሰጠው ሰው ክሎዘር ነው፤ እኔ በዚህ ጽሑፍ ዘጊ እለዋለሁ። አደራውን ሲወጣ የሚመዘገብለት ሴቭ ሲሆን፣ ይህ መለኪያ በሜጀር ሊግ በይፋ መቆጠር የጀመረው በ1969 ነው። ዲያዝ በ2022 ያሳየውን ብቃት ያየ ሰው ዘጊ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። በ62 ኢኒንግ 118 መቺዎችን በስትራይክአውት (ሦስት ጊዜ አስቶ) መለሰ፤ 32 ሴቭ አስመዘገበ፤ በዘጠኝ ኢኒንግ ተሰልቶ በአማካይ 1.31 ነጥብ ብቻ ተቆጠረበት። ሜትስም በዚያ ዓመት 101 ጨዋታ አሸነፈ። ዲያዝ ከቡልፔኑ ሲወጣ በሜትስ ስታዲየም በሲቲ ፊልድ የሚለቀቀው የመለከት ድምፅ ሕዝቡን ሁሉ ከመቀመጫው ያስነሣ ነበር። ወቅቱ እንዳበቃ ክለቡ ለአምስት ዓመት 102 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት፤ እስከዚያ ቀን ለተተኪ ፒቸር ይህን ያህል ተከፍሎ አያውቅም።

የተበጠሰበት የጉልበት ሎሚን ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ነው። ዲያዝ በቀኝ እጁ የሚወረውር እንደ መሆኑ፣ ማውንዱን (የሚወረውርበትን ጉብታ) ረግጦ መላ ሰውነቱን ወደ ፊት የሚገፋው በቀኝ እግሩ ነው። ስለ ፒቸር ጉዳት ስንሰማ ሐሳባችን ወዲያው ወደ ክርንና ወደ ትከሻ ይሄዳል፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፍራንክ ጆብ የተባሉት ሐኪም በ1974 የቶሚ ጆንን ክርን ከሌላኛው ክንዱ በወሰዱት ጅማት ከጠገኑለት ወዲህ ያ ቀዶ ሕክምና በሰውዬው ስም እየተጠራ ስንቱን ፒቸር ከአንድ ዓመት በላይ ሲያስቀምጥ ኖሯል። ሆኖም የኳሱ ፍጥነት የሚነሣው ከመሬት ነው። እግር ያልገፋውን ክንድ ብቻውን ሊሸከመው ይሞክራል፤ ስለዚህ ጉልበቱ የታመመ ፒቸር ክንዱ ደኅና ነው ተብሎ ቢቻኮልበት ክንዱንም ያጣል። ይህን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ክንዱ አልተነካም እኮ» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

በደንቡ በኩል ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ለጨዋታ ብቁ ሆኖ የሚሰለፈው የ26 ሰው ዝርዝር ነው፤ ከዚያም ውስጥ ፒቸሮቹ ከ13 መብለጥ አይችሉም። ለአጭር ጊዜ የተጎዳ ፒቸር ቢያንስ ለ15 ቀን በጉዳተኞች ዝርዝር ይቆያል፤ እንደ ዲያዝ ለረጅም ጊዜ የተጎዳው ደግሞ ወደ 60 ቀኑ ዝርዝር ይዛወርና ክለቡ ከያዘው የ40 ሰው መዝገብ ላይ ለሌላ ሰው ቦታ ይለቅቃል። በወረቀት ላይ ጉድጓዱ በአንድ ቀን ይሞላል። ጉዳቱ የደረሰው በወርልድ ቤዝቦል ክላሲክ ስለ ነበር የዓመቱ ደመወዙም በኢንሹራንስ ተሸፍኗል። ገንዘቡ በዚህ መንገድ ተመለሰ፤ ኢኒንጎቹን ግን የሚመልስ ኢንሹራንስ የለም።

በዚያ ሰሞን ራሴን ለማረጋጋት ስሌት ሠርቼ ነበር። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ሲጫወት ፒቸሮቹ በድምሩ ወደ 1,458 ኢኒንግ ይወረውራሉ። የዲያዝ 62 ኢኒንግ ከዚህ ከመቶ ከአራት እጅ እምብዛም አይበልጥም። ይህን ለአጎቴ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱትና «ልክ ነው፤ ግን የትኞቹ አራት?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። አንድ ነጥብ እየመራን፣ ነጥብ ለማስቆጠር የሚጠባበቅ ሁለት የተጋጣሚ ሰው ቤዝ (የሯጮች ማረፊያ) ላይ ቆሞ፣ የተጋጣሚ ቡድን ኃይለኛ መቺ እየመጣ ያለበት ኢኒንግና 9 ለ 1 እየተሸነፍን የሚወረወረው ኢኒንግ በስሌቴ ውስጥ እኩል ሆነው ተቆጥረዋል።

ስለዚህ አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁና የእያንዳንዱን ጨዋታ ቡልፔን መመዝገብ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ዓምድ የገባውን ተተኪ ፒቸር፣ በሁለተኛው የወረወረውን ኳስ ብዛት፣ በሦስተኛው ደግሞ ተነሥቶ ካሟሟቀ በኋላ ሳይገባ የተቀመጠውን ሰው እጽፍ ነበር። ሦስተኛውን ዓምድ የሚመዘግብ ጋዜጣ የለም፤ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው እርሱን ነው። አንድ ምሽት በሲቲ ፊልድ ከቡልፔኑ አጠገብ ተቀምጬ አንድ ወጣት ፒቸር ሲያሟሙቅ በቅርብ አየሁት። በስድስተኛው ኢኒንግ ስልኩ ጮኸ፤ ጃኬቱን አውልቆ ተነሣ፤ ውርወራውን በሚቀልበው በካቸሩ ጓንት ላይ ኳሱ ጠብ እያለ ወደ ሃያ ጊዜ ያህል ወረወረ። ሜዳ ላይ ያለው ፒቸር ከችግሩ ሲወጣ ይህ ልጅ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ተቀመጠ። በሰባተኛው ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ እንደገና ተነሣ፤ እንደገና ተቀመጠ። በዚያ ሌሊት አልገባም። በማግስቱ በወጣው ሰንጠረዥ ላይ ስሙ የለም፤ እንዳረፈ ተደርጎ ተቆጠረ። በእኔ ደብተር ላይ ግን በሦስተኛው ዓምድ ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

ከዚያ ደብተር ላይ ቀስ በቀስ የተገለጠልኝን ነገር ነው ዋና ጉዳዬ የማደርገው። ዘጊው ሲጎዳ የሁሉም ሰው ዓይን ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ ያርፋል፤ «ማን ይዘጋል?» ይባላል። ለዘጠነኛው ግን ሁልጊዜ ሰው ይገኛል፤ ስምንተኛውን ይወረውር የነበረው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ሰባተኛውን የያዘው ወደ ስምንተኛው ይወጣል፤ ስድስተኛውን የያዘው ወደ ሰባተኛው። በመጨረሻ ጉድጓዱ የሚከፈተው ከታች ነው፤ ቀድሞ ጨዋታው ሲለይለት ብቻ ይገባ የነበረ ሰው አሁን በስድስተኛው ኢኒንግ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ባለበት ይጠራል። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም ፒቸር ኢኒንጉ ካላለቀ ወይም ካልተጎዳ በቀር ቢያንስ ሦስት መቺዎችን መግጠም ስላለበት አሠልጣኙ ያልሆነለትን ሰው ወዲያው ሊያወጣው አይችልም። ጨዋታውን ሰው ሁሉ ዘጠነኛው ላይ ሲጠብቀው፣ እርሱ ስድስተኛው ላይ አምልጦ ይሄዳል።

ሜትስ ለዘጠነኛው ሰው ነበረው፤ ያውም ጥሩ ሰው። ዴቪድ ሮበርትሰንን ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት፣ በዲሴምበር 2022፣ ለአንድ ዓመት በ10 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞት ነበር፤ ያን ጊዜ ታስቦ የነበረው ከዲያዝ በፊት እንዲወረውር ነው። ሮበርትሰን 38 ዓመቱን በዚያው ኤፕሪል የያዘ፣ የማይጣደፍ ሰው ነው። አደራውን ሲረከብ ዲያዝን ለመሆን አልሞከረም፤ በራሱ ከተር (መጨረሻ ላይ ወደ ጎን በሚታጠፍ) ኳስ የራሱን ሥራ ሠራ። በሜትስ ቤት በቆየበት ጊዜ 14 ሴቭ አስመዘገበ፤ አማካዩም 2.05 ነበር። አዳም ኦታቪኖም ሲፈለግ እየገባ ይዘጋ ነበር። ወቅቱ የተከፈተው፣ ጉዳቱ በደረሰ በ15ኛው ቀን፣ ዲያዝ በወደቀበት በዚያው የማያሚ ስታዲየም ሲሆን ሜትስ 5 ለ 3 አሸነፈ። እኔም «እንግዲያው እንዘልቀዋለን» አልኩ።

ጁን ሲገባ መሰላሉ ከታች ተናደ። ከጁን 6 እስከ 8 በአትላንታ በተደረጉት ሦስት ጨዋታዎች ሜትስ በሦስቱም ቢያንስ በሦስት ነጥብ መርቶ ሦስቱንም ተሸነፈ። ሦስተኛው ምሽት ከሁሉ የከፋ ነበር። ቡድኑ አሥር ነጥብ አስቆጥሮ ነበር፤ አሥር ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን ደግሞ ዘጠነኛው ላይ ስለሚገባው ሰው መጨነቅ አልነበረበትም። ነገር ግን ጨዋታውን የጀመረው ፒቸር ብዙ ሳይቆይ ወጣ፤ ቡልፔኑ ያን ሁሉ ርቀት ተሸክሞ መጣ፤ ሮበርትሰን በዘጠነኛው ላይ ከኦርላንዶ አርሲያ አቻ የሚያደርግ ሆም ረን (ኳሱን ከአጥር ውጭ የሚያወጣ ምት) ተመታበት፤ በአሥረኛው ኦዚ አልቢስ ሦስት ነጥብ የሚያስቆጥር ሆም ረን መትቶ 13 ለ 10 አለቀ። ሰው ሁሉ «ዲያዝ ቢኖር» አለ። እኔ ደብተሬን ከፍቼ የሦስቱን ቀናት ገጽ ጎን ለጎን አየሁት። ዲያዝ ቢኖር ዘጠነኛውን ይዘጋው ይሆናል፤ የአራተኛውን፣ የአምስተኛውንና የስድስተኛውን ሸክም ግን እርሱም አይሸከምም ነበር። ሜትስ በዚያ ወር 7 አሸንፎ 19 ተሸነፈ። ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ጉልበት ላይ መጫን ለተጎዳውም ለጤነኞቹም ፍርደ ገምድልነት ነው።

እዚህ ላይ የሌላኛውን የከተማችንን ቡድን ታሪክ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በሜይ 3 ቀን 2012 የያንኪስ ዘጊ ማሪያኖ ሪቬራ በካንሳስ ሲቲ ከጨዋታ በፊት በልምምድ ላይ የተመታ ኳስ ለመቅለብ ወደ አጥሩ ሲሮጥ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ዕድሜው 42 ነበር፤ ስንቶቻችን አበቃለት ብለን ነበር። ያንኪስ በመጀመሪያ አደራውን የሰጡት ለማን ነበር? ለዚሁ ለዴቪድ ሮበርትሰን። እርሱም ብዙም ሳይቆይ የጎኑን ጡንቻ ተጎድቶ ወጣ፤ ከዚያ ራፋኤል ሶሪያኖ ተተክቶ 42 ሴቭ አስመዘገበ፤ ያንኪስም 95 ጨዋታ አሸንፈው ምድባቸውን መሩ። ሁለት ዘጊ ከጎደለ በኋላ ሦስተኛው የተገኘው ሶሪያኖ ከዚያ በፊት በሌላ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሲዘጋ የኖረ ሰው ስለ ነበር፣ ከበታቹም ያለው መሰላል ስላልተሰበረ ነው። ሪቬራ በ2013 ተመልሶ 44 ሴቭ ጨመረና በ652 ጡረታ ወጣ። ሮበርትሰን በ27 ዓመቱ የሪቬራን፣ በ38 ዓመቱ ደግሞ የዲያዝን ቦታ እንዲሸፍን መጠራቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ በሌላ ሰው ሕመም ምክንያት የመጣን ዕድል ሳይኮራበትና ሳይሳቀቅበት መቀበል ራሱን የቻለ ችሎታ ይመስለኛል።

በጁላይ መጨረሻ ሜትስ ተስፋ ቆርጦ መሸጥ ሲጀምር በመጀመሪያ የሄደው ሮበርትሰን ነው፤ የሄደውም ወደ ማያሚ ማርሊንስ፣ ለሁለት ወጣት ተጫዋቾች ልውውጥ። በቀናት ውስጥ ማክስ ሸርዘር ወደ ቴክሳስ፣ ጀስቲን ቨርላንደር ወደ ሂውስተን ተከተሉ። ሸርዘር መሄዱ ብዙም አላስደነቀኝም። የሮበርትሰን ግን ሆድ አስባሰኝ፤ የጎደለውን ሞልቶ ሲያበቃ የመጀመሪያው ተሰናባች እርሱ ሆነ። ቡድኑ ዓመቱን በ75 ድልና በ87 ሽንፈት ጨረሰ።

በቀሩት ሁለት ወራት ደብተሩን አላቆምኩም። ምንም የሚጠበቅ ድል በሌለበት ዘጠነኛ ኢኒንግ ስሙን እምብዛም ያልሰማነው ሰው ሲገባ፣ በሦስተኛው ዓምድ ላይ ከኤፕሪል ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደ ተጻፈ ወደ ኋላ ገልጬ አይ ነበር። ቢመታበትም እንደ ቀድሞው አልቆጣም ነበር። በሴፕቴምበር «ዲያዝ ለጥቂት ጨዋታ እንኳ ይመለስ» የሚሉ ድምፆች ሲበዙ፣ እኔ በማርች የነበርኩት ሰው ብሆን ኖሮ አብሬ እጮህ ነበር። ያን ጊዜ ግን ለሞተ ወቅት ብሎ አንድን ጉልበት ማስያዝ ግፍ መስሎ ታየኝ፤ ክለቡም አላቻኮለውም፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

ሰው እንደ ተመለሰ ነገሩ ያበቃ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ዲያዝ በ2024 ሲመለስ እኔም እንደዚያ ጠብቄ ነበር። በሜይ 18፣ አሁንም በዚያው የማያሚ ስታዲየም፣ 9 ለ 5 እየመራን ገብቶ አራት ነጥብ ተቆጠረበትና ጨዋታው በአሥረኛው 10 ለ 9 አለቀብን። አሠልጣኙ ካርሎስ ሜንዶዛ ለጊዜው ከዘጊነቱ አሳረፉት፤ በወሩ መጨረሻም ትከሻውን አሞት ወደ ጉዳተኞች ዝርዝር ገባ። ከጨዋታው በኋላ ስለ እርሱ የተነገረውን ሁሉ እዚህ መድገም አልፈልግም። ለአጎቴ ስልክ ደውዬ «ጋሼ፣ ጉልበቱ ነው ወይስ ልቡ?» ብላቸው፣ «አንተ ስትታመም በስንት ጊዜህ ነው ወደ ሥራህ በሙሉ ልብህ የተመለስከው?» አሉኝ። ዓመቱን የጨረሰው በ20 ሴቭና በ3.52 አማካይ ነው፤ የ2022ቱ ዲያዝ አልነበረም፤ አብሮን ግን ነበረ።

ኦክቶበር 9 ቀን 2024 ምሽት በሲቲ ፊልድ ሜትስ ፊላደልፊያን 4 ለ 1 እየመራ ዘጠነኛው ኢኒንግ ደረሰ። ፍራንሲስኮ ሊንዶር በስድስተኛው ቤዞቹ ሞልተው ሳለ የመታው ሆም ረን ያስገኘልንን ብልጫ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበርና መለከቱ ነፋ። ዲያዝ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቺዎች በአራት አራት የተሳሳተ ኳስ ወደ ቤዝ ላካቸው፤ በአካባቢዬ የነበረው ሕዝብ ጸጥ አለ። አጎቴ እጄን ያዙኝ። ከዚያ አንድ መለሰ፤ ሁለት መለሰ፤ ካይል ሽዋርበር ቆመ። ሰው ሁሉ ኳሱን ያይ ነበር። እኔ ከመጀመሪያው ውርወራ እስከ መጨረሻው ድረስ ዓይኔን ከቀኝ እግሩ አላነሣሁም፤ ማውንዱን ረግጦ ሲገፋ ጉልበቱ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ እንዴት እንደሚዘረጋ እያየሁ፣ ሽዋርበር ስቶ እንደ ወጣ ያወቅሁት ከሕዝቡ ጩኸት ነው። ጓደኞቹ እየሮጡ መጥተው ከበቡት፤ መዝለልም ጀመሩ። አጎቴ እጄን እንደያዙ፣ ክቡ እስኪበተንና ዲያዝ በሁለት እግሩ እየተራመደ እስኪወጣ ድረስ አልለቀቁኝም።